ዓረፍተ ነገሩን የሚገለብጠው ምንድን ነው?

(ለእንግሊዝኛ መምህራንና ተማሪዎች ስብሰባ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንዲሁም «እንግሊዝኛ ከተማርኩ ዘመን የለውም፤ ግን እስቲ ልስማው» ብላችሁ የመጣችሁ ወገኖች፣ እንደምን ዋላችሁ? ጥሪውን አክብራችሁ ስለተገኛችሁ አመሰግናለሁ። «ሰዋስው» የሚል ማስታወቂያ ከተለጠፈበት በር ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ሰው ብዙ አይደለም፤ ስለዚህ ምስጋናዬ የወግ አይደለም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላሳውቅ። ዛሬ ሰሌዳ አልጠቀምም። ምሳሌዎቹን በቃሌ እላቸዋለሁ፤ እናንተ በጆሯችሁ ትመዝኗቸዋላችሁ። የምንነጋገርበት ጉዳይ ከዓይን ይልቅ ጆሮ የሚዳኘው ነውና።

በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ባለቤቱ ይቀድማል፣ ግሱ ይከተላል፣ የቀረው ከዚያ ወዲያ ይመጣል። ይህን ገና ፊደሉን ስንቆጥር ተምረነዋል። ከዚያ አንድ ቀን መጽሐፍ ስናነብ እንዲህ የሚል ይገጥመናል፦ «ኢንቱ ዘ ሩም ዎክድ አን ኦልድ ማን»። ወደ ክፍሉ አንድ ሽማግሌ ገባ ማለቱ ነው። ባለቤቱ የት ሄደ? መጨረሻ ላይ። ግሱስ? ከባለቤቱ ፊት። ምን ነካው? መምህራችንን እንጠይቃለን። እሳቸውም «በመስተዋድድ የሚጀምር ሐረግ ሲቀድም ዓረፍተ ነገሩ ይገለበጣል» ይሉናል። ደብተራችን ላይ እንጽፈዋለን። ፈተና ላይ እንደተባልነው እናደርጋለን። እንሳሳታለን።

የዛሬው ሙግቴ ከዚህ ደንብ ጋር ነው። ደንቡ ብዙውን ጊዜ አይሠራም፤ በሚሠራበት ጊዜም ሁለት ፈጽሞ የማይገናኙ ነገሮችን በአንድ ስም ጠርቶ ያምታታል። እኔ የምለው ይህ ነው፦ ዓረፍተ ነገሩን የሚገለብጠው መስተዋድዱ አይደለም። ሐረጉ ከፊት ቆሞ የሚሠራው ሥራ ነው። ይህ ሥራ ሦስት ዓይነት ነው። በመጀመሪያው ላይ ብዙ አልቆይም፤ በሁለተኛው እንሰነብታለን፤ በሦስተኛው ደግሞ ትንሽ እንስቃለን።

አንደኛ። ሐረጉ ጊዜን ወይም ሁኔታን ብቻ ሲያመለክት ምንም የሚገለበጥ ነገር የለም። «ኢን ዘ ሞርኒንግ አይ ሪድ»፤ ጠዋት ጠዋት አነባለሁ። «ኢን 1969 ሜን ዎክድ ኦን ዘ ሙን»፤ በ1969 እ.ኤ.አ. ሰዎች ጨረቃ ላይ ተራመዱ። «ኢን» ሁለቱም ላይ አለች፤ መስተዋድድ ናት፤ ከፊት ቆማለች። ባለቤቱ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። የደብተራችን ደንብ እውነት ቢሆን ኖሮ «ኢን ዘ ሞርኒንግ ሪድ አይ» ማለት ነበረብን። እንዲህ የሚል እንግሊዛዊ ዛሬ አታገኙም።

ዛሬ አልኩ። ድሮስ? እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገዴ ወጣ ልበል። ጀርመንኛ የሚያውቅ ሰው በመካከላችሁ ካለ «ሪድ አይ» የሚለው አሰላለፍ ጆሮውን አልቆረቆረውም። ጀርመንኛ እስከ ዛሬ እንዲሁ ነው የሚናገረው፦ ከፊት የፈለገው ነገር ይቀመጥ፣ ግሱ ሁለተኛ ቦታውን አይለቅም፣ ባለቤቱ ሦስተኛ ይሆናል። «ሞርገን ኮመ ኢሽ» ይላል፤ «ነገ እመጣለሁ»። ደችኛም እንደዚያው ነው። የእነዚህ ዘመድ የሆነው ጥንታዊ እንግሊዝኛም ግሱን በሁለተኛ ቦታ ማቆም ይወድ ነበር። የሚገርመው ግን ባለቤቱ «እሱ» ወይም «እኔ» ዓይነት ተውላጠ ስም ሲሆን፣ ያ የጥንቱ ቋንቋ ብዙውን ጊዜ ከግሱ በፊት ያስቀምጠው ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ ተውላጠ ስም ዛሬም እልኸኛ ነው፤ ኋላ እንገናኘዋለን። እንግሊዝኛ ይህን የግስ ልማዱን ቀስ በቀስ እየጣለ መጥቶ በ15ኛው መቶ ዘመን ገደማ አብዛኛውን ትቶታል። የቀረው ቅሪት ነው። በቅሪቱ ነው እኛ ዛሬ የምንፈተነው።

ወደ መንገዴ ልመለስ። ሁለተኛ። ሐረጉ አዲስ መጤ ሲያስተዋውቅ።

ተማሪ ሳለሁ አንድ አስተማሪ ነበሩን። አንድ ቀን ክፍል ገብተው «ዓይናችሁን ጨፍኑ» አሉን። ጨፈንን። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ኦን ዘ ቴብል ሌይ...» አሉና ዝም አሉ። ጠረጴዛው ላይ ተጋድሞ የነበረው... ምን? ዝምታው ረዘመ። ከኋላ አንዱ «መጽሐፍ!» አለ። ሌላዋ «ደብዳቤ!» አለች። አንዱ «ሬሳ!» ብሎ አሳቀን። አስተማሪያችን ጠበቁ፣ ጠበቁና «ኤ ናይፍ» አሉ። ቢላዋ። ከዚያ ዓይናችንን እንደጨፈንን ሁለተኛውን አሰሙን፦ «ኤ ናይፍ ሌይ...» ብለው ቆሙ። ማንም ምንም አላለም። ቢላዋውን አስቀድመን ሰምተናል፤ ጠረጴዛ ላይ ሆነ ወለል ላይ ማን ግድ አለው? «አሁን ዓይናችሁን ግለጡ፤ የዛሬው ትምህርት አልቋል» አሉን።

አላለቀም ነበር፤ እኔ እስከ ዛሬ እያስተማርኩት ነው። ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ያው ቃላት ናቸው፤ ሐቁም ያው ነው። የተለየው አድማጩ የሚጠብቀው ነገር ነው። እንግሊዝኛ የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ ለአዲስ ነገር መስጠት ይወዳል። የታወቀው ይቀድማል፤ አዲሱ ይከተላል። ሐረጉ ከፊት ሲቆም መድረኩን ያዘጋጃል፣ ግሱ መጋረጃውን ይገልጣል፣ ባለቤቱ ብቅ ይላል።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። «ኤ ናይፍ ሌይ ኦን ዘ ቴብል»፤ «ኦን ዘ ቴብል ሌይ ኤ ናይፍ»። ከሁለቱ በአንዱ ላይ ግሱ ተንቀሳቅሷል? አስቡት። ቀስ ብላችሁ አስቡት። «ሌይ» በሁለቱም መሐል ላይ ናት! የተለዋወጡት ጫፍና ጫፉ ናቸው፤ ቦታው ወደ ፊት፣ ባለቤቱ ወደ ኋላ። ብዙ ተማሪ «ግሱ ዘለለ» ብሎ ስለሚያስብ ነው ረዳት ግስ ፍለጋ የሚሄደው፤ «ኦን ዘ ቴብል ዲድ ላይ ኤ ናይፍ» የሚለውም ለዚህ ነው። «ዲድ» እዚህ ምን ሥራ አላት? ምንም። ማንም አልጠራትም።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ ነውን? በፍጹም። «ቢላዋው ጠረጴዛው ላይ ነው» እንላለን፤ «ጠረጴዛው ላይ ቢላዋ አለ» እንላለን። የመጀመሪያውን የምንለው መቼ ነው? ቢላዋ ሲፈለግ። ሁለተኛውንስ? ቢላዋ መኖሩን ሰሚው ሳያውቅ። ይህን ማንም አላስተማረንም። የእኛ ግስ ከመጨረሻ ቦታው ስለማይነሣ፣ ባለቤቱና ቦታው ከእሱ ፊት ይለዋወጣሉ፤ በእንግሊዝኛ ግሱ መሐል ስለሆነ በግራና በቀኙ ይለዋወጣሉ። ስለዚህ ተማሪዎቻችንን «ይህ የእንግሊዞች ቅኔ ነው» እያላችሁ አታስፈራሯቸው። ዘዴውን ከእናታቸው ይዘውት መጥተዋል።

አዲስ መጤውን ማስተዋወቅ ሥራው መሆኑን ከተረዳን፣ የሰዋስው መጻሕፍት «ልዩ ሁኔታ» እያሉ የሚደረድሯቸው ነገሮች ሁሉ ራሳቸውን ያስረዳሉ። አንድ በአንድ እንያቸው።

እልኸኛው ተውላጠ ስም። «ኢንቱ ዘ ሩም ዎክድ አን ኦልድ ማን» ይባላል። «ኢንቱ ዘ ሩም ዎክድ ሂ» ግን አይባልም፤ «ኢንቱ ዘ ሩም ሂ ዎክድ» ነው የሚባለው። ለምን? «እሱ» ካልኩ ታውቁታላችሁ ማለት ነው። የሚያውቁትን ሰው ማን እንደ አዲስ ያስተዋውቃል? የመጨረሻው ቦታ ለመጤ የተጠበቀ ነው፤ «ሂ» መጤ አይደለም። ሐረግ ባይሆኑም «ሂር» እና «ዜር» የሚባሉት ቃላትም ይህንኑ ያከብራሉ፦ አውቶቡስ ሲመጣ «ሂር ከምዝ ዘ ባስ»፤ ስንጠብቀው የነበረውን አውቶቡስ «እሱ» ስንለው «ሂር ኢት ከምዝ»። ሕፃናት እንኳ አይስቱትም።

ግሱ። ሁሉም ግስ መጋረጃ አይገልጥም። መምጣት፣ መቆም፣ መቀመጥ፣ መጋደም፣ መንጠልጠል፣ መኖር፣ ብቅ ማለት፤ እነዚህ የራሳቸው ወሬ የሌላቸው ቀላል ግሶች ናቸው፤ ባለቤቱን አቅርበው ዞር ይላሉ። «ኢን ዘ ሩም ላፍድ ኤ ማን» ስትሉ ግን የአብዛኛውን ተናጋሪ ጆሮ ይጎረብጣል፤ ሳቁ ራሱ ዜና ነውና ከሰውየው ጋር ይሻማል። ተሳቢ ያለው ተሻጋሪ ግስ ደግሞ ጭራሹን አይሆንም። «ኢን ዘ ሩም ኤት ኤ ማን ብሬድ» ብትሉ ማን ማንን እንደበላ ግራ ያጋባል።

አሉታውስ? «ኦን ዘ ቴብል ዲድ ኖት ላይ ኤ ናይፍ»። ማንም አይለውም። ያልመጣን እንግዳ ብቅ አለ ብሎ የሚያስተዋውቅ የለማ!

ቀጥሎ ቁጥር አለ፤ ይህ ነጥብ ተማሪ ስለሚጥል አጥብቄ ልናገር። አንድ ጊዜ የፈተና ጥያቄ ስንገመግም «በሁለቱ ቤቶች መካከል አንድ ዛፍ ቆሟል» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ የመለሰ ወጣት መምህር «ቢትዊን ዘ ቱ ሃውስስ ስታንድ ኤ ትሪ» ብሎ መልሱን አስቀምጧል። «ስታንድስ» አይሆንም ወይ ብንለው፣ «ሃውስስ ብዙ ቁጥር ነው፤ ግሱ አጠገቡ ነው፤ ይስማማል» ብሎ ተከራከረን። ክርክሩ እስከ እረፍት ሰዓት ዘለቀ። በመጨረሻ አንዲት ባልደረባችን «ቤቶቹ ናቸው የቆሙት ወይስ ዛፉ?» ብላ ጠየቀችው። እርሳሱን አነሣና ፊደሏን ጨመረ። ግሱ የሚሰማው ባለቤቱን ነው፤ ጎረቤቱን አይደለም። ባለቤቱ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ቢቀመጥም ባለቤትነቱን አላጣም። «ኢን ዘ ቦክስ ዌር ቱ ሪንግስ»፤ ሳጥኑ አንድ ነው፣ ቀለበቶቹ ሁለት ናቸው፤ ስለዚህ «ዌር»።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ ተማሪ እጁን ያወጣል፤ ሁልጊዜም ያወጣል። «ታዲያ ደንቡ ቦታ ከሆነ ይገለበጣል፣ ጊዜ ከሆነ አይገለበጥም ነው?» ይላል። አይደለም። «አፍተር ዘ ሬይን ኬም ዘ ዊንድ» ይባላል፤ ከዝናቡ በኋላ ነፋሱ መጣ። ጊዜ ነው፤ ተገለበጠ። «ኢን ዘ ጋርደን ዘ ችልድረን ፕሌይድ» ይባላል፤ ቦታ ነው፤ አልተገለበጠም፤ ልጆቹን እናውቃቸዋለን፣ አሁን የምንሰማው መጫወታቸውን ነው። አቋራጭ አትፈልጉ። ሥራውን እዩ።

እንዲሁም አንርሳ፤ ይህ ሁለተኛው ዓይነት ግዴታ አይደለም። «አን ኦልድ ማን ዎክድ ኢንቱ ዘ ሩም» ብሎ የጻፈ ሰው አልተሳሳተም። ምርጫ ነው። የተራኪ ምርጫ፣ የዘጋቢ ምርጫ፣ አስጎብኚ «በስተግራችሁ ይህ ይገኛል» ሲል የሚያደርገው ምርጫ። ሦስተኛው ግን ምርጫ አያውቅም።

ሦስተኛ። ሐረጉ ሲከለክል።

«አት ኖ ታይም ዲድ ሂ ኦፕን ዘ ዶር»፤ በምንም ጊዜ በሩን አልከፈተም። «አንደር ኖ ሰርከምስታንስስ ሹድ ዩ ኦፕን ዚስ ዶር»፤ በምንም ሁኔታ ይህን በር እንዳትከፍቱ። አሁን ስሙ፤ በደንብ ስሙ። «ዲድ ሂ»፣ «ሹድ ዩ»። እልኸኛው ተውላጠ ስም ከረዳት ግሱ ኋላ በሰላም ተቀምጧል! ቅድም እምቢ ያለው እሱ ራሱ ነው። ተሻጋሪ ግስም አለ፤ በሩም ተሳቢ ሆኖ ተቀምጧል። ከላይ የከለከልነው ሁሉ እዚህ ተፈቅዷል። ለምን? ማሽኑ ሌላ ስለሆነ ነው። እዚህ ጫፍና ጫፍ አልተለዋወጠም፤ ረዳት ግሷ ብቻ ብድግ ብላ ከባለቤቱ ፊት ተቀመጠች፤ ዋናው ግስ ከነቤተሰቡ ባለበት ቀረ። ይህ የጥያቄ አሠራር ነው፤ «ዲድ ሂ ኦፕን ዘ ዶር?» ከምንለው ጋር አንድ ነው። ረዳት ግስ ከሌለ «ዱ»፣ «ደዝ»፣ «ዲድ» ይጠራሉ። ሁለተኛው ላይ ሥራ ያልነበራት «ዲድ» እዚህ ግን የግድ ናት።

የሚቀሰቅሰው አሉታ ነው፤ ወይም እንደ አሉታ የሚከለክል ቃል። «አፍተር ዘ ሚቲንግ ሺ ስፖክ»፤ ከስብሰባው በኋላ ተናገረች፤ ግልበጣ የለም። «ኦንሊ» የምትባለዋን ቃል ከፊቱ ጨምሩበት፦ «ኦንሊ አፍተር ዘ ሚቲንግ ዲድ ሺ ስፒክ»። ከስብሰባው በኋላ ብቻ ነው የተናገረችው፤ ማለትም ከዚያ በፊት ትንፍሽ አላለችም። በውስጡ የተደበቀ «አላለችም» አለ፤ ግልበጣውን የጠራው እሱ ነው።

ነገር ግን «ኖ» ያለበት ሁሉ አይከለክልም፤ እንስቃለን ያልኳችሁም እዚህ ላይ ነው። አንድ ተማሪዬ የሥራ ማመልከቻ ጽፎ እንዳይለት ሰጠኝ። ጥሩ ማመልከቻ ነበር፤ ንጹሕ፣ ትሑት። መደምደሚያው ላይ ለቀጣሪው ቃል ይገባል፦ «ኢን ኖ ታይም አይ ዊል ዲስአፖይንት ዩ»። ሊል የፈለገው «በምንም ጊዜ አላሳፍርዎትም» ነው። ያለው ግን «ጊዜ ሳልፈጅ አሳፍርዎታለሁ» ነው! «ኢን ኖ ታይም» ማለት በቅጽበት ማለት ነውና። ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ ትርጉሙን ነገርኩት፤ ወንበሩ ላይ ተንሸራተተ። አቃናነው፦ «አት ኖ ታይም ዊል አይ ዲስአፖይንት ዩ»። ልብ በሉ፤ የተለወጠው መስተዋድዷ ብቻ አይደለችም። «አይ ዊል» «ዊል አይ» ሆኗል። «ኢን ኖ ታይም» ዓረፍተ ነገሩን አይክድም፤ ድርጊቱ ይፈጸማል፣ ያውም በፍጥነት። «አት ኖ ታይም» ግን ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ ይክዳል። የካደ ይገለብጣል፤ ያልካደ አይገለብጥም።

ግልበጣው ብቻውን ትርጉም ሲለውጥ ደግሞ ይህን ስሙ። «ዊዝ ኖ ጆብ ሺ ዉድ ቢ ሃፒ»፤ ሥራ ባይኖራት ደስ ይላት ነበር። «ዊዝ ኖ ጆብ ዉድ ሺ ቢ ሃፒ»፤ በየትኛውም ሥራ ደስተኛ አትሆንም። ያው ቃላት! አንድም አልተጨመረም፣ አንድም አልተቀነሰም። የመጀመሪያዋ ሴት ሥራ መፍታት ያምራታል፤ ሁለተኛዋን የሚያረካት ሥራ የለም። በድምፅም ይለያሉ፤ በመጀመሪያው ከሐረጉ በኋላ ትንሽ ቆም ይባላል፣ ሲጻፍም ነጠላ ሰረዝ ይገባበታል፤ ሁለተኛው ሳይቆም ያልፋል። ሰዋስው ጌጥ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህችን ጥንድ ንገሩት።

ሁለቱን ግልበጣዎች ለመለየት ከተቸገራችሁ፣ ባለቤቱን አውጥታችሁ «ሂ» ወይም «ኢት» ተኩበት። ከተመቸው ከልካዩ ነው፤ እምቢ ካለ አስተዋዋቂው ነው።

መምህራን ሆይ፣ የመጨረሻው ቃሌ ለእናንተ ነው። ፈተና ላይ «ይህን ዓረፍተ ነገር በ‹ኢን ዘ ሩም› ጀምረህ እንደገና ጻፍ» የምንለውን ጥያቄ እንተወው። እለምናችኋለሁ፣ እንተወው። ለብቻው የቆመ ዓረፍተ ነገር የቱ የታወቀ፣ የቱ አዲስ እንደሆነ አይናገርም፤ ታዲያ ተማሪው በምን ይወስን? ይልቅስ አንድ ዓረፍተ ነገር አስቀድሙለት። «ወደ ቤቱ ደረስን፤ በሩ ክፍት ነበር፤ ወደ ውስጥ ገባን» በሉት በእንግሊዝኛ፤ ከዚያ «ወንበሩ ላይ አንዲት አሮጊት ተቀምጣለች» የሚለውን እንዲቀጥል ጠይቁት። ቤቱን ያውቀዋል፣ ወንበርም በቤት ውስጥ የሚጠበቅ ነገር ነው፤ አሮጊቷን ግን ገና ሊያያት ነው። «ኢን ዘ ቼር ሳት አን ኦልድ ዉማን» የሚለው ያለ ደንብ ይመጣለታል። በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ስለ እሷ ሲቀጥል ደግሞ «ሺ» ብሎ ከፊት ያስቀምጣታል፤ ያኔ ለምን ከፊት እንዳስቀመጣት ጠይቁት። ከልካዩን ለሌላ ቀን አቆዩት፤ ጥያቄ መመሥረት በሚያስተምሩበት ሳምንት አጠገብ አድርጉት፤ ዘመዱ እሱ ነውና።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከኋላ ካሉት እንጀምር።